ሦስት ሽማግሌዎች ያጠበቁት ብሎን

ባለፈው ሳምንት የልጄን መኪና ይዤ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ሞተሩ ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር በሞተሩና በክዳኑ መሐል ዘይት እንዳያልፍ የሚገባው ጋስኬት መቀየር ነበረበት። ሥራውን የያዘችው ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ያሰረች ወጣት መካኒክ ነበረች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ አስገብታ ስታበቃ እጀታው ረዘም ያለ ቁልፍ አነሳች። ቁልፉ የተወሰነለት ልክ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፤ እሷም እዚያው ታቆምና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እኔ ወንበር ተሰጥቶኝ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር፤ ዝም ብዬ ማየት ግን አልቻልኩም።

«ልጄ፣ ይቺኛዋን ትንሽ ጠበቅ ብታደርጊያትስ?» አልኳት።

«አይሆንም አባባ፣ ክዳኑ ይጎብጣል» አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል።

በቃ፣ እንዲህ በቀላሉ። ተናደድኩ። የተናደድኩት ግን በልጅቷ አልነበረም። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ የተናደድኩት ከአርባ ዓመት በላይ ባለፈው ነገር ነው። ያመጡልኝ ሻይ እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እሱኑ ሳብሰለስል ቆየሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ከተማችንንም አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዶሴ እያወጣሁ ዶሴ አስገባለሁ። የምኖረው ጋሽ ኃይሌ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ኃይሌ አከራዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው፣ ድምፃቸው ግን ገና ከሥራ ያልተሰናበተ። ያለኝ ንብረት አልጋ፣ ሬዲዮና አጎቴ ወደ ሰሜን ሲዛወር ጥሎልኝ የሄደው አሮጌ ሰማያዊ የጣሊያን መኪና ነበር። መኪናው ይሄዳል፤ ግን ዘይት ያፈሳል። ያደረበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ ስለሚተው ጓደኞቼ «አንተን ለማግኘት መጠየቅ አያስፈልግም፣ መሬት ማየት ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

ያን ጊዜ ከአስቴር ጋር ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሞልቶን ነበር። አስቴር የይርጋለም ልጅ ናት፤ አዋሳ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የመምህርነት ትምህርቷን ጨርሳለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ እየበላን ስለወደፊቱ እናወራ ነበር። እሷ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ ትጨርሳለች፤ እኔ እየዋጥኩ ሳል ይይዘኛል። በጥቅምት ወር ግን የምደባ ደብዳቤዋ መጣ። ወደ ምዕራብ ጠረፍ፣ ስሙን ሰምተን ወደማናውቀው ወረዳ ነው የተመደበችው፤ ወሩ ሳያልቅ ሪፖርት እንድታደርግም ይላል። አንድ መውጫ ብቻ ነበር፤ ያገባች መምህርት ባሏ ወዳለበት እንድትመደብ ማመልከት ትችላለች። ስለዚህ በቶሎ ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ እሺ ብለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት ቀርበን መፈራረም ነበረብን። አስቴርም ከእናቷ መልእክት አመጣች፤ «አባትሽ ሽማግሌ ማመላለስ አይወድም። እሁድ ይምጡ፣ ያኔውኑ መልስ ይሰጣል» የሚል።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ራሳቸው ጋሽ ኃይሌ ናቸው። ሁለተኛው ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከድር፣ በከተማው የተጣላን ሁሉ በማስታረቅ የታወቁ ሰው። ሦስተኛው አቶ ዳንጊሶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሲዳምኛውን እንደ ውኃ የሚያፈሱት፣ ከአስቴር አባት ጋርም የሚተዋወቁት እሳቸው ናቸው። በአውቶቡስ እንሂድ ብል ሐጂ ከድር ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ «ሽማግሌ ዶሮ ታቅፎ ቆሞ ሄዶ ልጅ ይጠይቃል እንዴ?» አሉ። ስለዚህ ያ ዘይት የሚያፈስ መኪና ሊወስደን ነው። የወሩ የቤንዚን ኩፖኔም የቀረው ደርሶ መልስ ይርጋለምን ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት በርናባስን ጠራሁት። በርናባስ አብሮ አደግ ጓደኛዬ ነው፤ የወላይታ ልጅ፣ ብዙ የማይናገር፣ እጁ ወርቅ የሆነ መካኒክ። አዲስ ጋስኬት፣ እነሱ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ እንኳን አዋሳ አዲስ አበባም አይገኝም ነበር። በርናባስ «ከመዝገብ ቤትህ ያረጀ የዶሴ ሽፋን አምጣልኝ» አለኝ። ወፍራሙን ካርቶን አመጣሁለት። በሞተሩ ክዳን ጠርዝ ላይ አነጠፈና በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያለ ሲመታው የክዳኑ ቅርጽ ካርቶኑ ላይ ታትሞ ተቆረጠ። የብሎኖቹን ቀዳዳ ደግሞ በጥይት ቀለህ አፍ እየመታ በሳው። ካርቶኑን ዘይት ውስጥ አሳደረው። ከሞተሩ ሥር ላለው የዘይት መያዣም እንደዚሁ ሌላ ሠራ። አሮጌው ጋስኬት የተጣበቀበትን ብረት በምላጭ ሲፍቅ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ «የሚያፈሰው አዲሱ አይደለም፣ ከሥሩ የቀረው የድሮ ቅሪት ነው» እያለ።

ረቡዕ ጠዋት ገጠመው። ከመሐል ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ ቁልፉን በሦስት ጣት ብቻ ይዞ። ከዚያ ፊቴን አስተውሎ አየኝ።

«ስማኝ። ክዳኑ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ በብሎኖቹ መሐል ጎብጦ አፍ ይከፍታል። እስከ ቅዳሜ ካርቶኑ ይረፍ። ቅዳሜ መጥቼ፣ ሞተሩን አሙቄ፣ አንዴ እደግመዋለሁ። ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው።»

«ማን ይነካዋል?» አልኩት። አንባቢዬ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

በርናባስ የመሣሪያ ሳጥኑን ትቶ ወጣ። ገና የግቢውን በር ሳይዘጋ ጋሽ ኃይሌ ጉልበታቸውን እየጎተቱ መጡ። ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ አንዱን ብሎን ነካክተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ላላ ብላለች።»

«እ... በርናባስ ትንሽ ይረፍ ብሎ ነበር፣ ጋሼ» አልኩ፣ ለራሴ እንኳን በማይሰማ ድምፅ።

«ይረፍ? ሞተር አራስ ናት እንዴ የምታርፈው? ቁልፉን አቀብለኝ!»

አቀበልኳቸው። አዎ፣ በገዛ እጄ። ምን ላድርግ? እሁድ ይርጋለም ሄደው ስለኔ «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ታላቁን አክባሪ ነው» ብለው የሚመሰክሩት እኮ እሳቸው ናቸው! ጋሽ ኃይሌ በትከሻቸው ሙሉ ተጭነው ሁለት ብሎን አጠበቁ፤ «ጎሽ፣ አሁን ያዘ» አሉ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አመሰገንኳቸው። ይህቺ ምስጋና ዛሬም ድረስ ታንገበግበኛለች።

እሳቸው ወደ ቤት እንደገቡ ሮጬ ሁለቱን ብሎኖች መልሼ አላላኋቸው። ምን ያህል? እኔ ምን አውቃለሁ፤ በግምት ነዋ!

ሐሙስ ሐጂ ከድር ስለ ጉዞው ሊመክሩ መጡ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ቁልፉን ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ። ጋሽ ኃይሌ ታዲያ ዝም ይላሉ? «ትናንት እኔ ሁለቱን አጠበቅኳቸው» ብለው አወሩላቸው። ሐጂም ከዚያ ወዲያ እጅ አጣጥፈው ሊቀመጡ አልቻሉም። «ያለኔ እጅማ ሽምግልናው ይጎድላል» አሉና ቁልፍ ጠየቁ። እኔ «የት እንዳስቀመጥኩት...» እያልኩ ስንተባተብ፣ ጋሽ ኃይሌ ከቤታቸው የራሳቸውን ፒንሳ ይዘው ከች አሉ። ሐጂ ከድር ቢስሚላህ ብለው የብሎኑን ራስ በፒንሳ ነክሰው ሲያዞሩት ብረቱ ሲፋቅ ይሰማኝ ነበር። «ጥብቅ ያለ ነገር ጎድቶ አያውቅም» አሉኝ፣ እጃቸውን እየጠረጉ። ከሄዱ በኋላ የሳቸውንም አላላሁ። አንደኛው ብሎን እምቢ ስላለኝ እንደጠበቀ ተውኩት።

ዓርብ አቶ ዳንጊሶ መጡ። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲያዩ ቀረብ ብለው መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ረዥም፣ ልብ የሚነካ ጸሎት ነበር፤ ለመኪናው፣ ለመንገዱ፣ ለእኔና ለአስቴር። እኔም በሆዴ «ተመስገን፣ ቢያንስ እኚህ በጸሎት ብቻ ሊያልፉኝ ነው» አልኩ። «አሜን» አሉና ዓይናቸውን ገልጠው እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ፒንሳውን አምጣ፣ ልጄ። ሁለቱ ወንድሞቼ ነክተውት እኔ ብቀር ለጉዳያችን ጥሩ አይሆንም።»

አመጣሁላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በርናባስ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አየ፤ የተፋፋቁትን የብሎን ራሶች በጣቱ ዳሰሰ። ጋሽ ኃይሌ ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ፀሐይ እያሞቁ እኔን ያዩኛል።

«ማን ነካው?» አለኝ።

«ማንም።»

በርናባስ ጋሽ ኃይሌን አየ፣ እኔን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካርቶን ተርፎኛል። ተነክቶ ከሆነ ንገረኝ፤ ክዳኑን አቃንቼ እስከ ምሳ ሌላ ቆርጬ እገጥምልሃለሁ። ማንንም አልወቅስም» አለኝ።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ጋሽ ኃይሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማንም አልነካውም» አልኩ። በርናባስ የተረፈውን ካርቶን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ሞተሩን አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያህል አሞቀው፤ አንዲት ጠብታ እንኳን አልወጣችም። ጋሽ ኃይሌ ከወንበራቸው ሆነው አጨበጨቡ። በርናባስ ግን ሁለት ሊትር መጠባበቂያ ዘይት ኋላ ወንበር ሥር አስቀመጠልኝና ሳጥኑን ይዞ ሄደ።

እሁድ ጉዞ ጀመርን። ሦስቱም ክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። የቱላን ከተማ እስክናልፍ መንገዱ ደስ ይል ነበር፤ ዝናቡ ከቆመ ገና መሆኑ ስለነበር ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው እንሰት ቅጠሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል። በየደጃፉ ሴቶች የሸንኮራ አገዳና ሙዝ ዘርግተዋል። ሽማግሌዎቹ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር ይከራከራሉ። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ።

«የሆነ ነገር ይሸታል» አሉ ሐጂ ከድር።

«ገበሬ ጭድ እያቃጠለ ነው» አሉ ጋሽ ኃይሌ።

ጭሱ ግን ከኮፈኑ ነበር የሚወጣው። ቆመን ስንከፍተው ዘይቱ በብሎኖቹ መሐል፣ ልክ በርናባስ ባለው ቦታ፣ አረፋ እየሠራ ይንቆረቆራል፤ ወደ ጋለው ብረት ወርዶም ይጨሳል። ዘይት ጨመርኩ። እኔ ዘይቱን ስጨምር ሽማግሌዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጋሽ ኃይሌ ከኮት ኪሳቸው ፒንሳቸውን መዘዙ! «ጠበቅ እናድርጋት» አሉ። ሦስቱም ተራ በተራ አጠበቁ። በመጨረሻ አንዱ ብሎን ጠቅ ብሎ ተቆረጠ። ጋሽ ኃይሌ የተቆረጠውን ራስ መዳፌ ላይ አኖሩና «የድሮ ብረት ዋጋ የለውም» አሉኝ። እኔም «የለውም» አልኩ።

አፖስቶ ላይ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ይርጋለም ስንደርስ ከቀጠሯችን ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይተናል። የአስቴር አባት አቶ ባራሳ በራቸው ላይ ቆመው ተቀበሉን። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የወፍጮ ሞተር ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ። ይህን አስቴር ነግራኝ ነበር፤ ሳያቸው ነው ትርጉሙ የገባኝ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ግን አልገባም፤ በወጉ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ከሦስቱ መኪና መንዳት የሚችል ስለሌለ፣ ባርኔጣ አድርጌ ሾፌር መስዬ ግቢው ውስጥ ከመኪናው ጋር ቀረሁ። አስቴር ለ«ሾፌሩ» በሸክላ ሳህን ቡርሳሜ፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ይዛልኝ መጣች፤ ቅቤው ገና ይፍለቀለቃል።

«ይሄ ጭስ ምንድነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምንም አይደለም» አልኳት።

ያን ጊዜ አጥሩ ሥር ምንጣፍ ላይ አዲስ የተለቀመ ቡና ተሰጥቶ ነበር። ቡርሳሜውን ሳልጨርስ፣ ከመኪናው ሥር የወጣች አንዲት ጥቁር መስመር ተዳፋቱን ይዛ ወደ ምንጣፉ ስትሄድ አየሁ። በእግሬ አፈር እየገፋሁ ልከልላት ስታገል አቶ ባራሳ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል። ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ክዳኑን ዙሪያውን አዩት፤ ከዚያ ተንበርክከው የሞተሩን ሥር ዳሰሱና ጣታቸውን አወጡ።

«የታቹ ደረቅ ነው» አሉ። «ጋስኬቱን የሠራው ሰው ሥራ ያውቃል። የላዩን ማን አጠበቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አባባ።»

አቶ ባራሳ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። «ይህንን ያጠበቀው ጉልበት ያለው ሰው ነው። ይህንን ሌላ እጅ ነው፣ በፒንሳ ነክሶታል። ይህን ደግሞ አንድ ፈሪ ሰው መልሶ አላልቶታል። የፈሪው ይሆናል ያንተ።» ከዚያ ባርኔጣዬን አየት አደረጉ። «አንተ ሾፌር አይደለህም፤ ልጁ ነህ።»

«አዎ» አልኩ።

«ለሽማግሌዎችህ ብለህ ዋሸኸኝ። አልቀየምህም። ግን ልጄን ስሰጥህ፣ ነገ እኔም፣ ወንድሞቼም፣ ያንተም ዘመዶች ቤታችሁ ገብተን እጃችንን እንሰዳለን። ሰው እንዲህ ነው። ያኔ ስለ ሞተር እንኳን ‹ተዉ› ያላልክ ሰው፣ ስለ እሷ ‹ተዉ› ትላለህ?»

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። መልስ የነበረኝ ይመስለኛል፣ ግን ትልቅ ሰው ናቸው።

አቶ ባራሳ ወደ ቤት ተመልሰው ለሽማግሌዎቹ «ልጅቷ አስቀድማ የመንግሥት ሥራዋን ትጀምር» አሉ። ያ ነበር መልሱ። ሲሸኙን ከወፍጮ ቤታቸው አንድ ጀሪካን ዘይት በነፃ ሰጡን፤ ይህም አበሸቀኝ፣ ክፉ ሰው ቢሆኑልኝ ይሻለኝ ነበር። እየቆምን፣ ዘይት እየጨመርን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ።

«ካርቶን! በካርቶን ሞተር ይሠራል እንዴ?» አሉ ጋሽ ኃይሌ።

«አንድ መካኒክ ስንቱን ነገር ያበላሻል!» አሉ ሐጂ ከድር።

አቶ ዳንጊሶ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጸልየን ነበር እኮ» አሉ። ሦስቱም የእኔን መልስ ጠበቁ። እኔም «እውነት ነው፣ ካርቶኑ ነው» አልኩ። የበርናባስ ስም በሳምንት ውስጥ በየሱቁ «የካርቶኑ መካኒክ» ሆነ። እሱ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ የእኔን መኪና ግን ከዚያ በኋላ አልነካልኝም። ከሥር የገጠመው ያው ካርቶን መኪናውን እስከሸጥኩበት ቀን ድረስ ጠብታ ሳያወጣ ኖረ።

አስቴር በዚያው ሳምንት ከመናኸሪያ ተሳፍራ ሄደች። ሁለት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ። እዚያው ምዕራብ አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አግብታ ልጆች እንደወለደች ከሰው ሰማሁ። እኔም በጊዜዬ አገባሁ፤ ባለቤቴ ደግ ሰው ናት፣ ልጆቼም ደርሰዋል። ሦስቱን ሽማግሌዎች በተራቸው ቀበርኳቸው፤ በሦስቱም ቀብር ላይ ከልቤ አልቅሻለሁ። ይወዱኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ባለፈው ጥር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሠርግ ተጠርቼ አስቴርን አገኘኋት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ የዓሣዋን እሾህ ግን ያው እንደ ድሮው አንድ በአንድ ትለቅማለች። ስለ ልጆች፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ከዚያ በድንገት ጠየቀችኝ።

«እነ ጋሽ ኃይሌ በመጨረሻ አወቁ?»

«ምኑን?»

«እነሱ እንዳበላሹት፤ አባቴ ያኔ ሁሉንም ነግሮኛል። ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም። ‹ካርቶኑ ነው› እንዳሉ ነው የሞቱት።»

አስቴር ሹካዋን አስቀመጠች።

«እንግዲያው አባቴ ልክ ነበር» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ልክ አልነበሩም! ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ ፈራ ተብሎ ዕድሜ ልክ አይፈረድበትም። እኔ ለሚስቴ ብዬ ከወንድሞቼ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ ለልጆቼ ብዬ አለቃዬ ላይ ጮኼ አውቃለሁ። እሷንም ባገኝ ኖሮ እንዲሁ አደርግላት ነበር፤ አባቷ አንድ እሁድ አይተውኝ ይህን ከየት ሊያውቁ ይችላሉ? ይህን ሁሉ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ጠረጴዛው በእንግዳ የተሞላ ነው፤ እሷም ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ናት፤ አባቷም ሙት ናቸው፤ ሙሽሮቹም ሊገቡ ነው።

«ልክ ነበሩ» አልኳት።